የላይኛው ቤት መቼ ነው የሚጠይቀው?

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አንዲት የጀበና ቡና ቤት አለች። አራት ዱካና ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ በሩ ላይ የተጎዘጎዘ ቄጤማ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ጥያቄ መልስ የሚሰጡበት ቀን ከሆነ ቤቷ ትሞላለች። ታክሲ የሚጠብቀውም፣ ሥራ ያጣውም፣ ጡረታ የወጣውም ይገባል። ሲኒውን ይዞ ይሰማል፣ አንዳንዴም ከቴሌቪዥኑ ጋር ይከራከራል።

ከነዚህ ቀናት በአንዱ፣ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ አባት መልሱን ሲያዳምጡ ቆይተው ወደ ወጣቶቹ ዞሩ።

«ይኼ የታችኛው ቤት ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ፣ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።»

«ታዲያ የላይኛው መቼ ነው የሚጠይቀው?»

አንዱ ወጣት ሳቀና፣ «የላይኛው አይጠይቅም ጋሼ፣ ይወስናል እንጂ» አላቸው።

«ሳይጠይቅ ነው የሚወስነው?» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «እዚያስ ቤት የኮልፌ ሰው ማነው?»

ማንም አልመለሰም። ባለቤቷ «ጋሼ፣ ቡናው በረደብዎ» ብላ ሲኒውን ቀየረችላቸው፤ ጨዋታውም ወደ ሌላ ሄደ። እኔ ግን ጥያቄዎቹን ይዤ ወጣሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእሳቸው መልስ እንዲሆን ነው። መልሱ አጭር ቢሆን በወደድኩ፤ ዘጠና ዓመት ወደ ኋላ ሳይሄዱ ግን አይገኝም። ታገሡኝ።

▪️ ከፓርላማ በፊት የነበረ ጥያቄ

ሥልጣን ያለውን ሰው ፊት ለፊት በቃል መጠየቅ ከአውሮፓ የመጣብን ነገር እንዳይመስለን። አባቶቻችን ከዛፍ ሥር ሙግት ሲገጥሙ «በልሃ ልበልሃ»፣ «ተጠየቅ ልጠየቅ» እየተባባሉ ነበር። ከሳሽ ቆሞ ይጠይቃል፤ ተከሳሽ እዚያው፣ ዳኛውና ሕዝቡ እየሰሙ ይመልሳል። መልሱ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ጠያቂው በመልሱ ውስጥ ያየውን ቀዳዳ ይዞ ይመለሳል፤ ተጠያቂውም ቀዳዳውን መድፈን ወይም መረታቱን ማመን ነበረበት።

ከዚህ ልማድ ሦስት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ጥያቄው በአደባባይ ነው። ሁለተኛ፣ ጠያቂና ተጠያቂ ፊት ለፊት ናቸው። ሦስተኛና ዋናው፣ ጠያቂው ሁለተኛ ጥያቄ አለው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንም አስቀድሞ ሊያጠናውና መልሱን በወረቀት ጽፎ ሊመጣ ይችላል። እውነቱ የሚታየው ሁለተኛው ላይ ነው።

የዛሬዎቹ ምክር ቤቶቻችን የሰብሳቢውን ስም ከዚያው የችሎት ዓለም ቃል ጋር በአንድ ቅርጽ ቀርጸውታል፤ የንጉሡ ዋና ዳኛ «አፈ ንጉሥ» ይባል እንደነበረው፣ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ «አፈ ጉባዔ» ሆኗል። የንጉሥ አፍ የነበረው የጉባዔ አፍ ሆነ ማለት ነው። ስሙ ተሸጋግሯል፤ «ተጠየቅ»ስ ተሸጋግሯል ወይ የሚለው ነው ጉዳያችን።

▪️ የመጀመሪያው ጥያቄ የተጠየቀው በላይኛው ቤት ነው

በዓለም የፓርላማ ታሪክ እንደ መጀመሪያ የሚቆጠረው ለሚኒስትር የቀረበ የቃል ጥያቄ የተሰማው በታችኛው ቤት አይደለም፤ በእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1721፣ ወሩ ፌብሩዋሪ ነው። የደቡብ ባሕር ኩባንያ የሚባለው የንግድ ድርጅት የአክሲዮን ዋጋው ሰማይ ደርሶ ወድቆ ብዙ ሰው ገንዘቡን አጥቷል። የኩባንያው ዋና ገንዘብ ያዥ ሮበርት ናይት ከአገር ሸሽቷል፤ ተያዘ የሚል ወሬም ይናፈሳል። ኧርል ኩፐር የተባሉት መኮንን ተነሥተው መንግሥትን ወሬው እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። የመንግሥቱ ሰው ኧርል ሰንደርላንድም ቆመው መለሱ። ነገሩ ይኸው ነው። የሰው ገንዘብ የበላ ሰው የት ደረሰ የሚል ጥያቄ ነበር።

ዛሬ እዚያው ቤት ከሰኞ እስከ ሐሙስ የዕለቱ ሥራ የሚከፈተው በቃል ጥያቄ ነው። በቀን እስከ አራት ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ። አባሉ አስቀድሞ ያስመዘገበውን ጥያቄ ያቀርባል፤ መንግሥትን ወክሎ የተቀመጠው ሚኒስትር አጭር መልስ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ነው ጨዋታው። ያው ጠያቂና ሌሎች አባላት፣ ከመንግሥት ወገንም ከተቃዋሚም፣ ተከታይ ጥያቄ ያዘንቡበታል። ተከታዩን ጥያቄ ሚኒስትሩ አስቀድሞ አያውቀውም። ያ ቤት በሕዝብ ያልተመረጠ ቤት ነው፤ በዚህ የሚወቀስ ቤት ነው። ሕግም በመጨረሻ የሚያሳልፈው የታችኛው ነው። የላይኛው ቤት ከቀሩት መሣሪያዎች አንዱ እንግዲህ ይህ ጥያቄ ነው።

ይህን የማነሣው እንግሊዝን ለማወደስ አይደለም። የላይኛው ቤት ዳኛም ቢሆን፣ አማካሪም ቢሆን፣ መጠየቅ ከክብሩ እንደማይቀንስበት ለማሳየት ነው። ወደ ቤታችን እንመለስ።

▪️ 1923፦ ጥሪው በፈቃድ

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጡ። ያረቀቁት በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ዋናው አርአያ የጃፓን የሜይጂ ዘመን ሕገ መንግሥት ነበር። ሁለት ምክር ቤት ቆመ፤ የላይኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ የታችኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት። በ1924 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሥራ ጀመሩ።

የሕግ መወሰኛውን አባላት የሚመርጡት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ፤ በመስፍንነት፣ በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቃነት ረጅም ጊዜ ካገለገሉ ሰዎች መካከል። የሕግ መምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጡ ነበር።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን ሌላ ድንጋጌ ነው። ምክር ቤቶቹ ቢያስፈልጋቸውም እንኳ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሚኒስትርን ወደ ስብሰባቸው መጥራት አይችሉም ነበር። ሚኒስትሩም በበኩሉ ያለ ፈቃድ መጥቶ በውይይቱ መካፈል አይችልም ነበር። በሩ ከሁለቱም ወገን ተቆልፎ ቁልፉ ቤተ መንግሥት ተቀምጧል ማለት ነው።

አስቡት። በየአውራጃው ችሎት ሲቆም «ተጠየቅ!» እየተባባለ የኖረው ሕዝብ፣ የአገሪቱ ትልቁ ሸንጎ ሲቋቋምለት ያ ቃል በር ላይ ቀረበት። ገበሬው ጎረቤቱን በዳኛ ፊት መጠየቅ ይችላል፤ መኮንኑ ግን ሚኒስትሩን በምክር ቤቱ ለመጠየቅ ፈቃድ ይጠብቃል።

በፍርድ ሚዛን ለመሆን፣ ዘመኑ ሌላ እንደነበር እናገራለሁ። ሕገ መንግሥቱ መሳፍንቱን ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ በአንድ ጣሪያ ሥር የማስቀመጥ ዓላማም ነበረው። የጠያቂ ቤት እንዲሆን አልታሰበም። ያልታሰበውን አላደረገም ብሎ መውቀስ አይቻልም። ይሁን እንጂ ልማድ ሆኖ ቀረ፤ ልማድ ደግሞ ከሕግ በላይ ዕድሜ አለው።

▪️ 1948፦ ስለሚመጣው ሕግ ጠይቅ፣ ስላለፈው ሥራ ግን…

በ1948 ዓ.ም. ጥቅምት የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። የታችኛው ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ሆነ፤ የመጀመሪያው ምርጫም ተካሄደ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት በዚያ ምርጫ ነው። የላይኛው ቤት ግን እንዳለ በሹመት ቀጠለ። ቁጥሩ ከታችኛው ቤት ግማሽ እንዳይበልጥ፣ የሥራ ዘመኑ ስድስት ዓመት እንዲሆን፣ ዕድሜው ከ35 ዓመት እንዳያንስ ተደነገገ።

በጥያቄ በኩል አንድ እርምጃ ወደፊት ተሄደ። ሚኒስትሮች በሁለቱም ቤቶች ተገኝተው ስለ መሥሪያ ቤታቸው መናገር ቻሉ። ሊወጣ ስለታሰበ ሕግ ለሚቀርብላቸው ጥያቄም ራሳቸው ወይም ምክትላቸው፣ በቃል ወይም በጽሑፍ፣ መልስ የመስጠት ግዴታ ተጣለባቸው። «በቃል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ከ25 ዓመት በኋላ «ተጠየቅ» በሕገ መንግሥቱ በኩል በር ቀዶ ገባ።

ግን ቀዳዳው ጠባብ ነው። ግዴታው ያለው ሊወጣ ስለታሰበ ሕግ ነው። የወጣው ገንዘብ የት ደረሰ? በዚያ ጠቅላይ ግዛት ሕዝቡ ለምን ተራበ? ያ ሹም ለምን አልተጠየቀም? እንዲህ ያለውን የሠራኸውን ንገረኝ የሚል ጥያቄ ሚኒስትሩ የመመለስ ያው ግዴታ አልተጻፈበትም። ጠያቂው መወሰኛ አባል የተሾመው በንጉሠ ነገሥቱ፣ ተጠያቂው ሚኒስትርም የተሾመው በንጉሠ ነገሥቱ ነው። አንድ ጌታ ያላቸው ሁለት ሎሌዎች እርስ በርሳቸው እንዴት ይጠያየቁ? መወሰኛ ምክር ቤት ከሹመት የተነሡ ሰዎች ማረፊያ ነው እየተባለም ይታማ ነበር።

ፓርላማው አቅም አልነበረውም ማለት አይደለም። ነበረው፤ ግን የማዘግየት አቅም ነበር። የጭሰኛንና የባለመሬትን ግንኙነት ሊያሻሽል የቀረበው ረቂቅ ሕግ ለዓመታት ሲጓተት ቆይቶ አብዮቱ እስኪፈነዳ ሳይጸድቅ ቀርቷል። መጠየቅ ያልለመደ ቤት ማዘግየትን ይለምዳል። መጠየቅ ጉዳዩን ወደ አደባባይ ያወጣዋል፤ ማዘግየት ግን በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ በመጀመሪያው አዋጁ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ዘጋ። በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ 835 መቀመጫ ያለው አንድ ቤት ነበር። የሽግግር ዘመኑ የተወካዮች ምክር ቤትም አንድ ቤት ነበር። ለሃያ ዓመት ያህል ኢትዮጵያ የላይኛው ቤት የሚባል ነገር አልነበራትም።

▪️ 1987፦ ትልቅ ሥልጣን፣ ትንሽ ድምፅ

ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሁለት የፌዴራል ምክር ቤቶች ይኖራሉ አለ። የታችኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ የላይኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት። የላይኛውና የታችኛው የሚለው አጠራር በሕገ መንግሥቱ ባይኖርም በሕዝብ አፍ ላይ አለ።

አሁን የጡረተኛው አባት ጥያቄ ዘንድ ደረስን። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራት ሥልጣን ይሰጣል። የሚሰጠው ግን ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። ንዑስ አንቀጽ 18ም አንድ ሦስተኛ የሚሆኑ አባላት ሲጠይቁ ምክር ቤቱ በሕግ አስፈጻሚው ጉዳይ ላይ እንዲወያይ ይፈቅዳል። ይኸም የተወካዮች ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤትን ሥልጣን የሚዘረዝረውን አንቀጽ 62 ከላይ እስከ ታች ብታነቡ «ለጥያቄ መጥራት» የሚል አታገኙም።

ታዲያ ምን ታገኛላችሁ? ሕገ መንግሥቱን መተርጎም። የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ጥያቄዎችን መወሰን። በክልሎች መካከል የሚነሣ አለመግባባትን መፍታት። የፌዴራል መንግሥትና ክልሎች የጋራ ግብር የሚከፋፈልበትንና ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚደለደልበትን መንገድ መወሰን። ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ በጣለ ክልል የፌዴራል መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ ማዘዝ። እነዚህ ቀላል ሥልጣኖች አይደሉም፤ የአገር ዕጣ የሚወሰንባቸው ናቸው።

ልጁ «ይወስናል እንጂ አይጠይቅም» ያለው እንግዲህ ከሞላ ጎደል ትክክል ነበር። የአሠራሩ መልክም ይኸንኑ ያሳያል። በየዓመቱ መስከረም ማብቂያ ላይ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው የፕሬዚዳንቱን የመክፈቻ ንግግር ይሰማሉ። የንግግሩን ይዘት አንሥተው የሚጠይቁትና ከጠቅላይ ሚኒስትሩ መልስ የሚሰሙት ግን ተወካዮች ብቻ ናቸው። የላይኛው ቤት ለመስማት ይጠራል፤ ለመጠየቅ ሲሆን ወንበሩ ባዶ ነው።

በእርግጥ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች አሉት፤ ኮሚቴዎቹም ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ተቀምጠው ሪፖርት ይሰማሉ። ይህ ጥሩ ነው። ግን የኮሚቴ ስብሰባ በጉባዔ ፊት፣ በቀጥታ ሥርጭት፣ አንድ አባል ተነሥቶ ሚኒስትሩን ከሚጠይቅበት ሰዓት ጋር አንድ አይደለም። ቤቱ እንዲሰበሰብ ሕገ መንግሥቱ የሚያስገድደው በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ የሚሰበሰብ ቤት ሁለቱንም ጊዜ ሪፖርት ሰምቶ ውሳኔ አጽድቆ ቢበተን ሕዝቡ ምን እንደተጠየቀ በምን ያውቃል?

ሌላም ችግር አለ። አባላቱን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። አንቀጽ 61 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ የማድረግን አማራጭም ሰጥቷል፤ ክልሎች ግን ይህን መንገድ አልተከተሉም። በልማድ ከሚላኩት መካከል የክልል ፕሬዚዳንቶችና ከፍተኛ ሹማምንት አሉ። በክልሉ ሕግ አስፈጻሚ የሆነ ሰው የፌዴራሉን ሕግ አስፈጻሚ እንዲጠይቅ መጠበቅ፣ ያን የጥንቱን መወሰኛ ምክር ቤት ያስታውሰኛል። ጌታው ተለውጧል፤ የጠያቂው እጅ ግን እንደታሰረ ነው።

▪️ 2012፦ የምርጫው ጊዜ

ይህ ሁሉ የሕግ ተማሪ ጨዋታ ለመሰለው አንድ ቅርብ ጊዜ ላስታውሰው። በኮቪድ ምክንያት ምርጫ ሲራዘም የምክር ቤቶች የሥራ ዘመን ከማለቁ በፊት ምርጫ ማካሄድ ካልተቻለ ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ ተነሣ። የተወካዮች ምክር ቤት ጉዳዩን ለሕገ መንግሥት ትርጉም መራው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ የሕግ ምሁራንን ጠርቶ በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲጠይቃቸው አየን። አንዱ ምሁር ይናገራል፤ የጉባዔው አባል ይጠይቀዋል፤ ይመልሳል። በየቡና ቤቱ ስለ አንቀጽ 93 የሚከራከር ሰው ተፈጠረ። እኔ ያን ሰሞን ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው፤ «ተጠየቅ» ለጥቂት ቀናት ወደ አደባባይ ተመልሶ ነበር።

ከዚያ ጉዳዩ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄደ። አፈ ጉባዔዋ ኬሪያ ኢብራሂም ከኃላፊነት ለቀቁ። ሰኔ 3 ቀን 2012 ምክር ቤቱ በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ የሥራ ዘመኑ እንዲቀጥል ወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ለእናንተ ልተው። እኔ የምለው፣ ከቀናት በፊት ምሁራን በአደባባይ የተጠየቁበት ጉዳይ ወሳኙ ቤት ሲደርስ፣ ሥልጣኑ የሚራዘምለት አስፈጻሚ አካል ቆሞ የሚጠየቅበት ሥርዓት አልነበረም። አማካሪው ተጠየቀ፤ ባለጉዳዩ አልተጠየቀም።

▪️ «እዚያስ ቤት የኮልፌ ሰው ማነው?»

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ። የአዲስ አበባ ነዋሪ በተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አለው። አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 4 የአዲስ አበባ ነዋሪዎች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይወከላሉ ይላል። ስለ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ዝም ይላል። የዚያ ቤት አባላት የሚላኩት ከክልል ምክር ቤቶች ስለሆነና አዲስ አበባ ክልል ስላልሆነች፣ የከተማው ምክር ቤት የሚልከው ሰው የለም። ድሬዳዋም እንዲሁ ናት።

«ቤቱ የብሔር ብሔረሰቦች ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ደግሞ የአንዱ ወይም የሌላው ብሔረሰብ አባል ነው፤ ስለዚህ ተወክሏል» የሚል ክርክር አለ። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ ከሕገ መንግሥቱ መንፈስ የመነጨ ነው። ግን መልሱን 18 ማዞሪያ ቆመን እንየው። ከዚህ ታክሲ ተራ ላይ የተሰለፈው ጉራጌ፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ስልጤ፣ ዶርዜ፣ ትግሬ ማንኛውም ቢሆን በአዳማ ወይም በባሕር ዳር ያለውን የክልል ምክር ቤት አልመረጠም። ድምፁን የሰጠው ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ያልመረጠው ምክር ቤት የላከው ሰው ወንድሙ ሊሆን ይችላል፤ ተጠሪው ግን አይደለም። ልዩነቱ ይኸው ነው። ተጠሪ ማለት ነገ ድምፅህን ልትከለክለው የምትችለው ሰው ነው።

ጉዳዩ ለምን ያሳስባል? አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 የኦሮሚያ ክልል በአዲስ አበባ ላይ ያለው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ይደነግጋል፤ ዝርዝሩም በሕግ ይወሰናል ይላል። በ2009 ረቂቅ አዋጅ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀርቷል። በ2014 ነሐሴ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደሮች በወሰን ጉዳይ መስማማታቸውን አስታውቀዋል። ኮልፌ ቀራንዮ የከተማዋ ምዕራባዊ ዳር ነው፤ ስለዚህ ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ማዶ ያለ ጎረቤት ሁለቱም ሐቅ አለው፤ ሁለቱም ሊሰማ ይገባዋል። ነገ ከዚህ አንቀጽ የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ቢነሣ ወሳኙ ማነው? የፌዴሬሽን ምክር ቤት። እዚያ ቤት የኦሮሚያ ወኪሎች አሉ፤ መኖራቸውም ተገቢ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ የመረጠው ወኪል ግን የለም። ስለ አንተ ሲወሰን ድምፅ ባይኖርህ እንኳ አንድ ጥያቄ የሚያነሣልህ አለመኖሩ ነው የሚከብደው።

▪️ ኮልፌ የሠለጠነው ሰው አገር

እዚህ ላይ ኮልፌ የራሷ ምስክር አላት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት የወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሹ ሠፈር ነው። እኚያው ሰው ፕሬዚዳንት ሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 የፈረሙበት የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት የላይኛውን ቤት እንዴት እንዳቋቋመ ተመልከቱ። የክፍለ ሀገራት ብሔራዊ ምክር ቤት ይባላል፤ ከዘጠኙ ክፍለ ሀገራት አሥር አሥር ሰው ይቀመጥበታል። ማንንም ሰው ጠርቶ ማስረጃ እንዲሰጥና ሪፖርት እንዲያቀርብ የማድረግ ሥልጣን አለው። ምክትል ፕሬዚዳንቱም ቀርበው የአባላትን የቃል ጥያቄ ይመልሳሉ።

ከዚህ ይልቅ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከተሞችና ሌሎች የአካባቢ አስተዳደሮች በዚያ ቤት እስከ አሥር ወኪል ማስቀመጥ ይችላሉ። ድምፅ አይሰጡም፤ ግን ይናገራሉ፣ በውይይቱ ይካፈላሉ። ያለ ድምፅ መናገር ትንሽ ነገር ይመስላል። ምንም ለሌለው ግን ትንሽ አይደለም።

ሌሎችም አሉ። ናይሮቢ በኬንያ ሴኔት እንደ ሌሎቹ 46 ካውንቲዎች የራሷ ሴናተር አላት። የናይጄሪያ ዋና ከተማ ግዛት አንድ ሴናተር፣ ዴልሂ በሕንድ የላይኛው ቤት ሦስት መቀመጫ አላቸው። ዋሽንግተን ግን በአሜሪካ ሴኔት የላትም፤ ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የኬንያው ደግሞ ለጥያቄ ሰዓትም ትምህርት ይሆነናል። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮችን ከፓርላማ ሲያወጣ በጉባዔ ፊት የሚቀርበው የቃል ጥያቄ ቀርቶ ወደ ኮሚቴ ገባ። ከ2022ቱ ምርጫ በኋላ ግን ሴኔቱ የራሱን የአሠራር ደንብ አሻሽሎ ሚኒስትሮቹ በጉባዔ ቀርበው እንዲመልሱ አደረገ። ለዚህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አላስፈለገውም።

▪️ ምን ይደረግ?

የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 11 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የራሱን የአሠራር ደንብ ያወጣል ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ በእጁ ነው። በየመደበኛ ስብሰባው ግማሽ ቀን ለቃል ጥያቄ ይመድብ። ጥያቄው በቤቱ ሥልጣን ሥር ባሉ ጉዳዮች ላይ ብቻ ይሁን፦ የድጎማ ቀመር እንዴት እየተሠራበት ነው? የምክር ቤቱ ውሳኔ ለምን አልተፈጸመም? ጣልቃ ገብነት በታዘዘበት ቦታ ምን ተደረገ? አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ከዚያም ሁለተኛ ጥያቄ። አሥራ አምስት ጥያቄ ተደርድሮ በአንድ ረጅም ንግግር የሚመለስበት ሥርዓት በታችኛው ቤት ለምደነዋል፤ ያ አሠራር ብዙ መረጃ ይሰጣል፣ ነገር ግን «ይህችኛዋን አልመለሱልኝም» የሚል ሰው ቦታ የለውም።

«ቤቱ የሕገ መንግሥት ዳኛ ነው፤ ዳኛ ደግሞ የፖለቲካ ጥያቄ ውስጥ መግባት የለበትም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ቁም ነገር አለበት። ለዚህም ነው በትርጉም ላይ ያለ ጉዳይ ከጥያቄ ሰዓቱ ውጪ መሆን ያለበት። ይሁን እንጂ ዳኝነት ሳይጠይቁ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ከዛፍ ሥር የሚቀመጠው የጥንቱ ዳኛ እንኳ «ተጠየቅ»ን ሰምቶ ነው የሚፈርደው።

ሁለተኛው፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ያለ ድምፅ ተገኝተው እንዲናገሩና እንዲጠይቁ ቤቱ ይጋብዛቸው። ሙሉ ውክልና ከፈለግን ግን ሕገ መንግሥቱ መሻሻል አለበት። በአንቀጽ 105 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው ሊያጸድቁት ይገባል። እዚህም ላይ ልብ በሉ፦ የሚቆጠረው የክልል ምክር ቤት ነው። የአዲስ አበባ ምክር ቤት ስለ ራሱ ውክልና እንኳ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ጉዳዩ በሌሎች በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በጎ ፈቃድ ደግሞ በንግግር እንጂ በጩኸት አይገኝም። በ2014 በአዋጅ የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን አጀንዳ እንዲሰበስብ ነበርና ይህ ጥያቄ ከአጀንዳዎቹ አንዱ መሆን ይገባዋል።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይላሉ አባቶች። እኛ ይህን ተረት ለተማሪ ብቻ የተነገረ አስመስለነዋል። ለምክር ቤትም ነው። የሚጠይቅ ቤት ያውቃል፤ የሚያውቅ ቤት በሚገባ ይወስናል። ዘጠና ዓመት ያየነው የላይኛው ቤት በመጀመሪያ ያለ ፈቃድ መጥራት የማይችል፣ ቀጥሎ ስለሚመጣው ሕግ ብቻ የሚጠይቅ፣ አሁን ደግሞ ብዙ የሚወስን በአደባባይ ግን የማይጠይቅ ነው። ሦስቱም ሥርዓቶች በሌላው ሁሉ ተለያይተው በዚህ አንድ ነገር መመሳሰላቸው ሊያስቆጨን ይገባል።

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ አንድ ሰው ካነበበልዎ መልሴ እነሆ። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ፦ የላይኛው ቤት የሚጠይቅበት ቀን ገና አልተቀጠረም፤ መቅጠር ግን ይችላል። ለሁለተኛው፦ እዚያ ቤት ኮልፌ የላከችው ሰው የለም። ልጁ ሲስቅ እርስዎ አልሳቁም፤ ልክ ነበሩ።

ውድ ተከታታዮች፣ ሐሳባችሁን ከታች አስቀምጡ። በተለይ ከተለያዩ ክልሎች ያላችሁ፣ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የላካችሁትን ሰው ስሙን ታውቁታላችሁ? ብታገኙት የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ምን ይሆን ነበር? ከመለሰላችሁ በኋላስ፣ ሁለተኛው?